«ረጅም ሲያበራብኝ እኔም ላብራበት?»

የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። በበጋ ስለ ጎማና ስለ ሞተር ሙቀት ይጠየቃል፤ ዳመናው ምሽቱን ማስቸኮል ሲጀምር ግን ሁሉም ስለ መብራት ይጽፋል። 29 ዓመት ተሳቢ ነድቼ፣ 9 ዓመት ደግሞ በአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ አስተምሬ፣ እንደ መብራት በቸልታ የሚታይ ነገር አላጋጠመኝም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ በራሴ መኪና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ችግር የለብኝም። ሲመሽ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራቱን አይቀንስም። እኔ ቀንሼ እጠብቃለሁ፣ እሱ እንዳበራ ያልፋል። ባለፈው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብዬ አንድ የጭነት መኪና እንዲህ አድርጎ ሲያልፈኝ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲመለስ ከፊቴ የፈረስ ጋሪ ነበር። ፍሬን ይዤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፍን። ባለቤቴ «ረጅም ሲያበራብሽ አንቺም አብሪበት፣ ያኔ ይገባዋል» ይለኛል። ትክክል ነው?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ አያብሩበት። ባለቤትዎ ይህን የሚሉት ለእርስዎ ተቆርቁረው እንደሆነ ይገባኛል። ንዴቱንም አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ እኔም በእልህ ያበራሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ነገር ግን ያ ሹፌር መብራቱን ያልቀነሰው ንቆዎት ላይሆን ይችላል። ከሚሌ ጀምሮ እንቅልፍ ሲያዳፋው የመጣ ሊሆን ይችላል። እጁ ረስቶት ሊሆን ይችላል። የአጭር መብራቱ አምፖል መንገድ ላይ ተቃጥሎበት በረጅሙ ብቻ እየነዳ ያለም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከምታስቡት በላይ የተለመደ ነው። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን እርስዎ ሲያበሩበት እሱም እንደ እርስዎ ማየት ያቆማል። አንድ የማያይ ሰው የነበረበት ጠባብ መንገድ ሁለት የማያዩ ሰዎች ይኖሩበታል። ሁለታችሁም 80 የምትነዱ ከሆነ ደግሞ በየሰከንዱ 44 ሜትር እየተቀራረባችሁ ነው።

ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ከቀትር ፀሐይ ወደ ጨለማ ጓዳ የገባ ሰው ደፉ ላይ ቆሞ እንደሚደናበር ማለት ነው። ልዩነቱ እርስዎ ደፉ ላይ አለመቆምዎ ነው፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናዎ በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ዓይንዎ ለ3 ሰከንድ ቢጨልምብዎት 66 ሜትር በጭፍን ነድተዋል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ይብሳል። በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ አልፎ መረቡ ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እኔ ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ በሌሊት መሪ አልይዝም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ረጅሙን አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ አድርገው ያጥፉለት። ይህ በሹፌር ቋንቋ «ረስተሃል» ማለት እንጂ ስድብ አይደለም። ካልቀነሰ ሁለተኛ አይሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእርስዎ ነው። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያንሱ። መብራቱን አይመልከቱት። ዓይን እንደ እሳት እራት ወደሚያበራው ይሳባል፣ መሪም ዓይንን ይከተላል። ዓይንዎን በስተቀኝ ባለው የአስፋልት ጠርዝ ላይ ይትከሉ፤ ነጭ መስመር ካለ በመስመሩ ላይ፣ ከሌለ አስፋልቱና ጠጠሩ በሚገናኙበት ላይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናው ገና በሩቅ ሳለ በመካከላችሁ ያለውን መንገድ በዓይንዎ ይልቀሙት። እግረኛ አለ? የቆመ መኪና አለ? ድልድይ አለ? ይህን የሚያሳይዎት የእሱው መብራት ነው፤ በእናንተ መካከል ያለ ማንኛውም ነገር ብርሃኑን ሲጋርድ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። በእኔ ዘመን የነበሩ ነባር ሹፌሮች ያስተማሩኝ ይህን ነው፤ ስንት ጊዜ እንዳተረፈኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የእርስዎን መብራት በተመለከተ፣ ከዳገቱ ማዶ ብርሃን እንደ ጎህ ሲቀድ ካዩ መኪናው ብቅ እስኪል አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ይቀንሱ። በደንብ ሳትተላለፉም ረጅሙን አይመልሱ። ሰው ከኋላ ሲከተሉም እንዲሁ ነው። ረጅም መብራትዎ በፊተኛው ሰው ስፖኪዮ ገብቶ ፊቱ ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ ጋሪው ልመለስ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ስንት ትነጂ ነበር ብዬ ልጠይቅዎ ወድጄ ነበር። አጭር መብራት መንገዱን በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ድረስ ነው። በደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማና ደህና ፍሬን ባለው መኪና፣ 80 ሲነዱ አንድ ነገር ካዩበት ቅጽበት አንስቶ እስኪቆሙ ድረስ 70 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ዝናብ ካለ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ በአጭር መብራት 80 የሚነዳ ሰው የሚያየውን ሁሉ የሚያየው ረፍዶበት ነው። 60 ከሆነ በ45 ሜትር ውስጥ ይቆማል። የመንገዱ የፍጥነት ምልክት ምንም ይበል፣ ከመሸ በኋላ መኪና በሚበዛበትና ረጅሙን ማብራት በማይችሉበት መንገድ ላይ ከ60 አይለፉ።

ጋሪው የኋላ መብራት የለውም፤ ባለ ጋሪው አንጸባራቂ ነገር እንዲለጥፍ የሚነግረው የለም። በሬዎችና በጎች ዓይናቸው ሲያበራ ከሩቅ ይታያል፣ ፊታቸውን ወደ እርስዎ ካዞሩ ብቻ ነው እንጂ። ከሁሉም የከፋው ግመል ነው። አንድ ሌሊት ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስሄድ ለሚመጣ መኪና መብራቴን ቀንሼ ነበር። እሱ እንዳለፈ ከፊቴ መንገዱ ላይ አራት ቀጫጭን እንጨቶች ቆመው አየሁ። ማን መንገድ ላይ እንጨት ተከለ ብዬ ሳስብ አንደኛው እንጨት ተራመደ። አጭር መብራት ወደ ታች የተደፋ በመሆኑ የሚያሳየው ጉልበቷን ብቻ ነው፤ ያ ግዙፍ ገላዋ ከብርሃኑ በላይ ጨለማው ውስጥ ነበር። 50 ስለምነዳ ቆምኩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቪትዝ ገዝቼ ማታ ማታ የታክሲ ሥራ እሠራበታለሁ። መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነብኝ መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል አስገባሁ። አሁን ለእኔ እንደ ቀን ያሳየኛል፤ ነገር ግን አጭር ላይ ሆኜ እንኳ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ያበራብኛል። ለነገሩ አምፖሉን ከመቀየሬ በፊትም አልፎ አልፎ ያበሩብኝ ነበር። ችግሩ የእኔ ነው የእነሱ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልካሙ ነገር መጠየቅህ ነው። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርህ ብዙ ነገር ነግራኛለች፤ ሁለት ችግር የተደራረበብህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው አምፖሉ ነው። ያወጣኸው የድሮ አምፖል፣ ሱቆች ኤች 4 የሚሉት፣ በሆዱ ሁለት ክር አለው፤ አንዱ የረጅሙ፣ አንዱ የአጭሩ። ጥለኸው ካልሆነ አንሥተህ ወደ ብርሃን አቅርበው። ከአጭሩ ክር ሥር ማንኪያ የምትመስል ትንሽ ብረት ታያለህ። የእሷ ሥራ ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂው ክፍል እንዳይወርድ መከልከል ነው፤ ወደዚያ ከወረደ ነጥሮ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይወጣል። የመብራቱ ቤት በሙሉ የተሠራው በዚያች ክር ልክና ቦታ ተለክቶ ነው። አንተ ያስገባኸው ኤልኢዲ ብርሃን የሚሰጠው ከሌላ ቦታ፣ በሌላ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑ ይበተናል። ለአንተ እንደ ቀን የሚያሳይህ ለዚህ ነው፣ ሌላውን የሚያሳውረውም ለዚሁ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለኤልኢዲ የሠራው መብራት ሌላ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የአንተን ግን አውጣውና ጥሩ ኤች 4 መልስበት።

ደብዛዛ የሆነብህ ምናልባት አምፖሉ አልነበረም። የመብራቱን ፊት በቀን ተመልከተው። የቅቤ ቀለም ይዞ ከሆነ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነው። በጥርስ ሳሙና የሚያሹት አሉ፤ ጥቂት ሳምንት ይቆይና ይመለሳል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አሽቶ፣ አጥርቶ፣ መከላከያ የሚቀባ ባለሙያ ፈልግ።

ሁለተኛው ችግር ከበፊትም ያበሩብህ የነበረበት ነው። ብዙ ቪትዞች ከጃፓን የወጡ፣ መሪያቸው በቀኝ የነበረና ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ወደ ግራ የተገለበጠ ነው። መሪው ይገለበጣል፣ ዳሽቦርዱ ይቀየራል፤ መብራቱን ግን የሚያስታውሰው ያንሳል። አጭር መብራት ሁለቱን ጎን እኩል አያበራም። ከፊት ሰው በሚመጣበት በኩል ዝቅ ይላል፣ በመንገዱ ዳር በኩል እግረኛውን እንዲያሳይ ከፍ ይላል። ጃፓኖች በግራ ነው የሚነዱት፤ ስለዚህ የእነሱ መብራት ከፍ የሚለው በግራ ነው። አገራችን ደግሞ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። እንግዲህ የጃፓኑ መብራት እዚህ ሲመጣ ከፍ የሚለው ክፍል በቀጥታ የሚያርፈው ፊት ለፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ነው።

ይህን ያለ ማንም እርዳታ ማታ ራስህ ማረጋገጥ ትችላለህ። ወለሉ ደልዳላ የሆነ፣ ጨለም ያለ ግድግዳ ያለበት ቦታ ፈልግ። መኪናህን አፍንጫው ግድግዳውን ሊነካ እስኪል አስጠጋና በሁለቱም መብራቶች እምብርት ትይዩ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ ቀጥ ብለህ 5 ሜትር ወደ ኋላ ሂድና አጭሩን አብራ። ብርሃኑ ከላይ በኩል በመስመር ተቆርጦ ታያለህ። መስመሩ ከምልክቶችህ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። ደግሞም በግራ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ቀኝ ሽቅብ መውጣት አለበት። ሽቅብ የሚወጣው ወደ ግራ ከሆነ መብራትህ የጃፓን ነው፤ በብሎን ማስተካከል አይቻልም፣ ቤቱ ራሱ መቀየር አለበት። ይኸው መኪና ያሪስ ተብሎ ለአውሮፓ ስለተሸጠ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራው መብራት ይገኛል። ስትገዛ ይህን ለይተህ ጠይቅ። መስመሩ በትክክለኛው በኩል ወጥቶ ከፍታው ብቻ ከተሳሳተ ግን ከመብራቱ ጀርባ ያለው ማስተካከያ ብሎን ይበቃዋል። መስመር የሚባል ነገር ጭራሽ ካልታየህ፣ ግድግዳው ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ብርሃን ብቻ ከሆነ፣ እሱ አምፖሉ ነው፤ አምፖሉን መልሰህ እንደገና ለካ።

ሙከራውን ኋላ ወንበር ላይ ሰው አስቀምጠህም ድገመው። ሦስት ተሳፋሪ ከኋላ ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ይነሣል፣ መብራቱም አብሮት ይነሣል።

ጥያቄ፦ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በቦሌ መንገድ ስሄድ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጎኔ መጥቶ «የኋላ መብራትህ የለም» አለኝ። ወርጄ ሳይ እውነቱን ነው፤ ከፊት ግን በርቷል፣ ዳሽቦርዱም በርቷል። መኪናው ተበላሽቶ ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መኪናው ጤነኛ ነው። ከፊት የሚበራው በቀን ሌላው እንዲያይዎት የተሠራው የቀን መብራት ነው፤ ሞተሩን ሲያስነሱ ራሱ ይበራል፣ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ግን ከኋላ ምንም አያበራም። ዳሽቦርዱም ሁልጊዜ ስለሚበራ መብራት ያበሩ ይመስልዎታል። በድሮ መኪና ዳሽቦርዱ ሲጨልም ነበር መብራት አለማብራታችን የሚታወቀን፤ ያ ምልክት ጠፍቷል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ አዳዲስ የኮሪደር መንገዶች እንደ ቀን የበሩ ስለሆኑ ዓይንዎ ጨለማ መሆኑን አይነግርዎትም። የመብራት መቆጣጠሪያውን መኪናው ራሱ ሲጨልም ወደሚያበራበት ቦታ ያዙሩትና በዚያው ይተዉት። በዝናብና በጉም ቀን ግን አይመኑት፤ ብርሃን ስላለ ላያበራ ይችላል፣ በእጅዎ ያብሩ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች በከተማው በዝተዋል፤ ጀርባቸው ጨለማ ሆኖ የሚሄዱትም እንደዚሁ። ያን የሚኒባስ ሹፌር ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

ጥያቄ፦ ጣርማበር ላይ ጉም ሲሆን አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ እነዳለሁ። ጓደኛዬ ስህተት ነው ይላል።
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። አራቱ ፍሬቻ «ቆሜአለሁ» ወይም «ልቆም ነው» ማለት ነው። ሁሉም እያብለጨለጨ ከሄደ የቆመው ከሚሄደው አይለይም፤ ወደ ግራ መታጠፍ ብትፈልግም ማን ያውቅልሃል? በጉም ውስጥ አጭሩን አብራ፣ የጉም መብራት ካለህ ጨምርበት። ረጅሙን አትንካው፤ ጉሙ ብርሃንህን መልሶ ፊትህ ላይ ይደፋዋል፣ ከፊትህ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ድንገት መቆም ግድ ሲሆንብህ፣ ወይም ከኋላህ የሚመጣው ሰው ሳያይህ ይደርስብኛል ብለህ ስትሰጋ፣ ያኔ አራቱን አብራ። ወደ ጣርማበር የመኪና ዋሻ ከመግባትህ በፊትም፣ ፀሐይ ቢሆን እንኳ፣ መብራትህን አብራ፣ የፀሐይ መነጽርህንም አውልቅ። ውስጡ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰውም ከብትም በእግሩ ያልፍበታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የተሳቢ ረዳት ነኝ፣ ዕድሜዬ 20 ነው። ሹፌሬ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ጨለማው ፈጽሞ እስኪወርድ መብራት አያበራም። «ባትሪ ይበላል፣ ደግሞ መንገዱ ይታየኛል» ይላል። እኔ እፈራለሁ። ምን ልበለው?
አንባቢ፣ ከሞጆ

መልስ፦ ልጄ፣ መፍራትህ አግባብ ነው። የባትሪውን ነገር በቶሎ ልጨርሰው። ባትሪ የሚያስፈልገው ሞተሩን ለማስነሣት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መብራቱን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች በአጭሩ ሲበሩ 140 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ የከባድ መኪና ዲናሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያመነጫል። ሞተር ጠፍቶ መብራት ካደረ አዎን፣ ባትሪ ይሞታል። እየነዱ ግን አይበላም።

«መንገዱ ይታየኛል» የሚለው ነው ልቤን የሚወጋው። ሹፌርህ እውነቱን ነው፣ ይታየዋል። መብራቱ ግን በዚያ ሰዓት ለእሱ አይደለም የሚበራው። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ይጨልማል፤ በዚያች አጭር ጊዜ አመድማ መኪና በአመድማ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ከሥራ የሚመለሰው ባለ ባጃጅ፣ ከገበያ የምትመለሰው እናት፣ መንገድ የሚሻገሩት ልጆች የእናንተን መኪና ማየት ያለባቸው በዚያን ጊዜ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በነሐሴ 1989 ዓ.ም ነው። ከአሰብ ጭኜ ስመጣ ከኮምቦልቻ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ ብዙ ቦታም በጭቃ ውስጥ ነው ያለፍኩት። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ስወጣ መሽቶ ነበር። መብራቴን አብርቻለሁ፣ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። ድንገት ከኋላዬ የጎማ ጩኸት ሰማሁ። ቆሜ ወረድኩ። አንድ ፒክአፕ ከተሳቢዬ ጀርባ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወረደና እጁ እየተንቀጠቀጠ «መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ውስጥ ሚስቱ ነበረች፣ ሁለት ልጆች በላይዋ ላይ ተኝተው። አልነቁም።

«መብራቴ እኮ በርቷል» ልለው አፌን ከፍቼ ወደ ተሳቢዬ ዞርኩ። ጨለማ ነው። ተጠግቼ ጭቃውን በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ቀይ ብርሃን ወጣ። ለካ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ተለስኖበት፣ ከጭቃው ሥር ሲበራ ነው ያመሸው። የሰውየውን ፊት ያየሁት በዚያች የጥፍር ስንጥቅ በወጣ ብርሃን ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሹፌርህን አትከራከረው። እሱ ታላቅህ ነው፣ ክርክር ያስቀይመዋል። አንተ የራስህን ሥራ ሥራ። ከወንበርህ ሥር ንጹሕ ጨርቅና አምስት ሊትር ውኃ አኑር። 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሻይ ልትጠጡ ስትቆሙ ጀሪካኑን ይዘህ ወደ ተሳቢው ጀርባ ሂድ። የቀኙን እጠብ፣ የግራውን እጠብ፣ ፍሬቻዎቹን እጠብ፣ ታርጋው ላይ ያለችውን ትንሿን መብራትም አትርሳ፤ አንጸባራቂዎቹንም ጥረግ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ድምፅህን ከፍ አድርገህ «መብራት ያብሩልኝ፣ ልያቸው» በለው። መብራቱን ለሚያጥብ ረዳት መብራት የማያበራ ሹፌር አላየሁም። ፍሬኑን ይርገጥልህ፣ ፍሬቻውን ግራና ቀኝ ያድርግልህ፣ አንድ በአንድ እይ፤ የጠፋ አምፖል ካለ እዚያው ቀይሩ። ከዚያ «ሁሉም ደህና ነው» ብለህ ገብተህ ተቀመጥ። መብራቱ እንደበራ ትነሣላችሁ።